ለሳይክሎን ቱ ቦርድ የትኛው ኳርተስ? የድሬ የልምምድ ማስታወሻ

ኳርተስ የአልቴራ ኤፍፒጂኤ ቺፖች (ውስጣቸው በፕሮግራም የሚቀየር) የሚሠሩበት ሶፍትዌር ነው። የቅርብ ጊዜውን የጫነ ሰው ፕሮጀክት ከፍቶ ሳይክሎን ቱ የሚባለውን የድሮ ቺፕ ከዝርዝሩ ሲያጣው አጫጫኑ የተበላሸ ይመስለዋል። አጫጫኑ ደህና ነው። አልቴራ ያረጁ ቺፖችን ከሶፍትዌሩ ሲያስወጣ የውስጥ ካርታቸውንና የፍጥነት መረጃቸውንም አብሮ ያወጣል፤ በኋላ ልጨምረው ቢባል አይጨመርም። አቦ፣ መብራት እየሄደ እየመጣ ያን ሁሉ ጊጋ ከማውረድ በፊት የቺፑን ጽሑፍ ማንበብ ይሻላል።

እዚህ በብዛት እጃችን ላይ ያለው ትንሹ ቦርድ ኢፒ2ሲ5ቲ144ሲ8 የሚል ቺፕ አለው። 2ሲ ሳይክሎን ቱ ማለት ነው። 5 መጠኑ ነው፤ 4,608 ሎጂክ ኤለመንት (የቺፑ ትንሹ የሥራ ክፍል) ይይዛል። ቲ144 ባለ 144 እግር መሆኑን ይናገራል። ሲ የሙቀት ደረጃው ነው፣ ከ0 እስከ 85 ዲግሪ። የሚለካው የቺፑ የውስጥ ሙቀት ስለሆነ የድሬ ግንቦት ብቻውን አያሰጋውም። የመጨረሻው 8 ፍጥነቱ ነው፤ ከ6፣ ከ7 እና ከ8 ዝግተኛው እሱ ነው። ጽሑፉ ከደበዘዘ በአልኮል ጠርጎ የስልክ መብራት ከጎን ማብራት ነው።

ለዚህ ቺፕ የመጨረሻው ሶፍትዌር የ2013ቱ ኳርተስ ቱ 13.0 ሰርቪስ ፓክ 1 ነው። ማክስ 3000ኤ እና ባለ 5 ቮልቱ ማክስ 7000ኤስ የሚባሉት የአልቴራ ቺፖችም እዚያው ያበቃሉ። ሳይክሎን ስሪ ያለው ሰው እስከ 13.1 መሄድ ይችላል። ሳይክሎን ፎር ያለው በአዲሱም ይሠራል፣ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመለከተውም። በቁጥር ስለሚቀራረቡ ብቻ 13.1ን አውርዶ ሙሉ ቀን ማቃጠል የተለመደ ስህተት ነው።

ዌብ ኤዲሽኑ ነፃ ነው፣ ላይሰንስ አይጠይቅም። ኢንስታለሩና የቺፑ መረጃ ያለበት የሳይክሎን ኪውዲዚ ፋይል አንድ ፎልደር ውስጥ ከተቀመጡ ኢንስታለሩ ራሱ ያገኘዋል። ካልተቀመጡ ሶፍትዌሩ ይጫንና ቺፕ የሌለው ባዶ ዝርዝር ያሳያል። የሚጫንበት ቦታ ሲ ድራይቭ ላይ፣ ስሙ አጭር፣ ክፍተት የሌለው ይሁን፤ የፕሮጀክቱ ፎልደርም እንደዚያው።

ብዙ ሰው የሚቆመው ዩኤስቢ ብላስተሩ ላይ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከቦርዱ ጋር በሚያገናኘው የመጫኛ ገመድ ላይ ነው። ዊንዶውስ ድራይቨሩን ብቻውን አያገኘውም። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ያለበትን መርጦ፣ በኳርተስ ድራይቨርስ ፎልደር ሥር ያለውን ዩኤስቢ ብላስተር ማሳየት ያስፈልጋል። ውስጡ ወዳሉት ባለ 32 እና ባለ 64 ፎልደሮች አይገባም፤ ከላይ ሲቆም የሚስማማውን ራሱ ይመርጣል። ገመዱ ሲሰካና ሲነቀል ቦርዱ ጠፍቶ ይሁን።

ፕሮጀክት ሲከፈት ቺፑ ከነፍጥነቱ ይመረጥ። በስህተት ኢፒ2ሲ8 ከተመረጠ ኮምፓይሉ ያለችግር ያልፋል፤ ሲጫን ግን መለያው አልገጠመም ብሎ ይቆማል። ያልተጠቀምንባቸው እግሮች ትራይ ስቴት ኢንፑት (ምንም ምልክት የማያወጡ መግቢያዎች) ተብለው ይቀመጡ፣ አለበለዚያ ቦርዱ ላይ ከተያያዘ ሌላ ነገር ጋር ሊጋጩ ይችላሉ። ኤንሲኢኦ የሚባለው እግር ካስፈለገ በኳርተስ ቅንብር ዱዋል ፐርፐዝ ፒንስ ውስጥ መደበኛ አይኦ (መግቢያና መውጫ) ማድረግ ነው፤ ካልሆነ ሥራውን በቺፑ ላይ የሚያስቀምጠው የኳርተስ ክፍል፣ ፊተሩ፣ ቦታው ተይዟል ይላል።

ኮምፓይሉ ከሚያወጣቸው ፋይሎች ኤስኦኤፍ የሚባለው ጄታግ በሚባለው ሶኬት ይጫናል፣ መብራት ሲሄድ ይጠፋል። እንዲቆይ የሚፈለገው ፒኦኤፍ ነው፦ ገመዱን ወደ ኤኤስ (አክቲቭ ሲሪያል) ሶኬት አዙሮ፣ በኳርተስ ውስጥ ያለውን የመጫኛ መስኮት፣ ፕሮግራመሩንም፣ አክቲቭ ሲሪያል ላይ ማድረግ። ሁለቱ ሶኬቶች ባለ 10 እግር ስለሆኑ ይምታታሉ፤ ፕሮግራመሩ ቺፑን አላገኘሁም ሲል መጀመሪያ የሚታየው ሶኬቱ ነው።

የሌላውን አምራች፣ የዛይሊንክስን ቺፕ ያላቸው ደግሞ፦ ስፓርታን 3፣ ስፓርታን 6 እና ኤክስሲ9500 በዛይሊንክስ ሶፍትዌር፣ በአይኤስኢ 14.7 ይሠራሉ። ስፓርታን 2 ግን ወደ 10.1 መመለስ ግድ ይለዋል። ለዊንዶውስ 10 ተብሎ የወጣው 14.7 ለስፓርታን 6 ብቻ ስለሆነ ስሙ አያታልል።

ወደ ትንሹ ሳይክሎን ቱ ቦርድ ስንመለስ፣ ለሙከራ 50 ሜጋኸርዙ ክሎክ እግር 17 ላይ፣ ኤልኢዲዎቹ 3፣ 7 እና 9 ላይ ናቸው፤ የሚበሩትም በዜሮ ነው። የባለ 25 ቢት ቆጣሪ የመጨረሻ ቢት ኤልኢዲውን በሰከንድ አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ያብለጨልጨዋል። ቀጥሎ የሚሞከረው ቪጂኤ፣ ማለትም ወደ ስክሪን ምስል መላክ ነው፤ ለእሱ 50 ሜጋኸርዙን ለሁለት መክፈል ይበቃል።