310 ጊጋ በስልክ ቻርጀር ኬብል

ጥር ለእኛ ለሰርግ ቪዲዮ አንሺዎች የመኸር ወር ነው። ከጥምቀት በኋላ ጾሙ እስኪገባ ድረስ ሐዋሳ ውስጥ ሰርግ የሌለበት ቅዳሜና እሁድ የለም። ፍቅር ሐይቅ ዳር ሙሽሮች ለፎቶ ወረፋ ይይዛሉ። አንዳንዴ የአንዷ ቬሎ የሌላዋ ቪዲዮ ውስጥ ይገባል።

ባለፈው ጥር አንዱን ሰርግ በሦስት ካሜራ ቀረጽን። ጠቅላላው 310 ጊጋባይት ሆነ። የሙሽራው እናት አሜሪካ ናቸው፤ ወረቀታቸው ስላላለቀ መምጣት አልቻሉም። አጎትየው ግን ማክሰኞ ማታ ይበራሉ። ከሐዋሳ የሚነሱት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው። ጥሬውን ቀረጻ በሙሉ ይዘው ይሄዳሉ፣ እዚያ ያለው ታናሽ ወንድም ኤዲት ያደርገዋል ተባለ።

ለዚሁ ብዬ ሁለት ኤክስተርናል ኤስኤስዲ (ከውጭ የሚሰካ ፈጣን ማከማቻ) ገዝቼ ነበር፤ አንዱ ለእነሱ፣ አንዱ ለእኔ። ካርቶኑ ላይ በሰከንድ 1050 ሜጋባይት ይላል። በልቤ አሰላሁ። 310 ጊጋ 5 ደቂቃ እንኳን አይፈጅም። ለ5 ደቂቃ ሥራ ምን አስቸኮለኝ ብዬ ተኛሁ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተነሳሁ። ኬብሎቹ የሉም። ለካ የካሜራው ቦርሳ ውስጥ ቀርተዋል፣ ቦርሳው ደግሞ አቶቴ ባልደረባዬ ቤት ነው። ምን ችግር አለው፣ የስልኬ ቻርጀር ኬብልም ታይፕ ሲ ነው። ሰካሁት፤ ልክክ አለ። ላፕቶፑም ያቺን የተለመደች ድምፅ አሰማ። ኮፒ አልኩና ቡና ልጥድ ሄድኩ።

ስመለስ በሰከንድ 38 ሜጋባይት ይላል። ቀሪ ጊዜ ሁለት ሰዓት ከምናምን።

ይሁን፣ ይደርሳል ብዬ ቁጭ አልኩ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ መብራት ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ አብሮ ጠፋ። አንድ ሰዓት በሻማ ጠበቅኩ። ከዚያ ባጃጅ ለምኜ ጄኔሬተር ያለው ሆቴል ሎቢ ገባሁ። 11 ሰዓት ሆኗል። አጎትየው 12 ሊሆን አስር ደቂቃ ሲቀረው ሆቴሉ በር ላይ መጡ።

«ልጄ፣ አላለቀም እንዴ?»

«ጋሼ፣ ግማሹ ነው የገባው።»

ቀና ብለው አዩኝ፣ ምንም አላሉም። ይዘውት ሄዱ። በሳምንቱ ከአሜሪካ ስልክ ተደወለ። ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ ምሳው አለ። እናትየው «ጭፈራው የት አለ?» ብለዋል።

እንግዲህ እኔ አሥር ዓመት ላፕቶፕ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ፖርት ማለት ለእኔ የሚሰካበት ቀዳዳ ነበር። ከገባ ይሠራል፣ ካልገባ አይሠራም፣ በቃ። ያን ቀን ግን ተናደድኩና ላፕቶፔንም ኬብሌንም ይዤ ፒያሳ አካባቢ አንድ ጥገና ቤት ሄድኩ። ልጁ ኬብሉን አንዴ አገላብጦ አየና ሳቀ።

«ብሮ፣ ይሄ እኮ ለቻርጅ ነው። ለዳታ ያለው ሁለት ክር ብቻ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ታይፕ ሲ የቅርጽ ስም ነው፣ የፍጥነት ስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ቅርጽ ነው፤ ውስጡ 24 መገናኛ ነጥቦች አሉት። ርካሹ ኬብል ግን ለኤሌክትሪኩ የሚሆኑትንና ሁለቱን የድሮ የዳታ ክሮች ብቻ ያገናኛል። እነዚያ ሁለት ክሮች የዩኤስቢ 2.0 ናቸው። ዩኤስቢ 2.0 እ.ኤ.አ. የ2000 ልጅ ነው፤ ጣሪያው በሰከንድ 480 ሜጋቢት ነው። ስለዚህ አዲሱ ኤስኤስዲዬ ሌሊቱን ሙሉ ከሃያ ዓመት በላይ ባረጀ መንገድ ሲጎተት አደረ ማለት ነው። የሚገርመው ያው ኬብል ላይ «100 ዋት» ተብሎ ተጽፏል። ውሸት አይደለም፣ ላፕቶፕ እንኳን ቻርጅ ያደርጋል። የኤሌክትሪክ ጉልበቱ ከዳታው ፍጥነት ጋር አይገናኝም። ስገዛው ባለሱቁ «ፈጣን ነው» ብሎኝ ነበር። እሱም ስለ ቻርጁ ነው ያወራው፣ እኔ ነኝ ለሁሉም የወሰድኩት።

ሁለተኛው ስህተቴ «ጊጋ» የምትለው ቃል ናት። እኛ ሁሉንም ጊጋ እንላለን። ፖርቱ 5 ጊጋ ነው፣ ፋይሉም 5 ጊጋ ነው። የፖርቱ ግን ጊጋቢት ነው፣ የፋይሉ ጊጋባይት። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ የፖርቱን ቁጥር ለ8 ማካፈል ነው። 480 ሜጋቢት 60 ሜጋባይት ይሆናል፤ ከዚያ ላይ ራሱ የዩኤስቢ ወሬ፣ «ደረሰህ ወይ፣ ደረሰኝ» የሚባባሉት፣ ይቀነሳል። በእጅ የሚቀረው 35 ወይም 40 ነው። የእኔ 38 ከዚያ መጣች። 5 ጊጋቢት ፖርት ደግሞ ለእያንዳንዱ 8 ቢት 10 ቢት ነው የሚልከው፤ ስለዚህ ገና ከመነሻው ከ500 ሜጋባይት አያልፍም።

ከዚያ ስሞቹ መጡ። እዚህ ላይ ልጁም እኔም ደከመን። አንድ ሰው የቤት ስም፣ የትምህርት ቤት ስም፣ የክርስትና ስም እንደሚኖረው አስቡት። ባለ 5 ጊጋቢቱ ፖርት እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወለድ ዩኤስቢ 3.0 ተባለ። በ2013 ታናሹ ባለ 10 ጊጋቢት ሲወለድ ታላቅየው ዩኤስቢ 3.1 ጄን 1 (ትውልድ 1 እንደማለት) ተባለ፣ ታናሽየው ጄን 2። በ2017 እንደገና 3.2 ጄን 1 እና 3.2 ጄን 2 ሆኑ። ፍጥነታቸው ያው ነው። ስለዚህ የላፕቶፕ ማስታወቂያ ላይ «3.2» የሚል ስታዩ አትደነቁ፣ የድሮው 3.0 ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ትቶ «ስንት ጊጋቢት?» ብሎ መጠየቅ ነው። ስሞቹን የሚያወጣው የዩኤስቢ ማኅበር ራሱ በኋላ ሰልችቶት በ2022 ምርቶቹ በፍጥነታቸው ይጠሩ ብሏል።

ከእነዚህ በላይ ዩኤስቢ 4 እና ተንደርቦልት አሉ፤ 40 ጊጋቢት ድረስ ይሄዳሉ፣ አዲሶቹ 80። ተንደርቦልት ከሦስተኛው ትውልድ ጀምሮ ያው የታይፕ ሲ ቅርጽ ነው። አጠገቡ ጫፉ ቀስት የሆነ መብረቅ ይሳልበታል። ለእኔ ሥራ አያስፈልገኝም፣ ኪሴም አይፈቅድም፤ አለፍኩት።

የእኔን ላፕቶፕ የሞዴል ቁጥር ከጀርባው አንብበን የአምራቹን ገጽ ከፈትን። ያገለገለ ዕቃ ስለሆነ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። በግራ ያለው ትልቁ ፖርት 2.0፣ በቀኝ ያለው 5 ጊጋቢት፣ ታይፕ ሲው 10 ጊጋቢት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሃርድ ዲስኬን በግራ በኩል ስሰካ ኖሬያለሁ! ምክንያቱም ማውሱ በቀኝ ነው፣ ገመዱ እጄን እንዳያስቸግረኝ።

ማታ ቤት ገብቼ ደብተር አወጣሁ። የ20 ጊጋባይት ቪዲዮ በአንድ ፎልደር አደረግኩ፤ በየፖርቱና በየኬብሉ እያመላለስኩ በስልኬ ሰዓት ለካሁ። ኤስኤስዲው በቻርጀር ኬብል 8 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ገደማ። ያው ኤስኤስዲ በራሱ ኬብል 5 ጊጋቢት ፖርት ላይ 47 ሰከንድ። በራሱ ኬብል ታይፕ ሲው ላይ 21 ሰከንድ። ሳቄ መጣ። አልቅሼም ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ አሮጌውን የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ አመጣሁ። 5 ጊጋቢቱ ላይ 3 ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ጨረሰ። 10 ጊጋቢቱ ላይም ያው። ዲስኩ ራሱ በሰከንድ 115 ሜጋባይት ገደማ ነው መጻፍ የሚችለው፤ መንገዱን ብታሰፋለት ባጃጅ ባጃጅ ነው። የካሜራዬ ሚሞሪ ካርድም እንደዚሁ። ዩኤችኤስ 1 የሚባለው ዓይነት ነው፣ ጣሪያው 104 ሜጋባይት ነው። ካርድ አንባቢዬ ግን የ2.0 ስለነበር እሱንም አያደርሰውም ነበር። 64 ጊጋ ካርድ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኝ የነበረው ለዚህ ነው። አሁን 12 ደቂቃ። ከገዛኋቸው ዕቃዎች ሁሉ በገንዘቡ ልክ የጠቀመኝ ይህ ካርድ አንባቢ ነው እላለሁ፤ ከኤስኤስዲውም በላይ።

ፍጥነት የሚበላ ሌላ ነገርም አገኘሁ። የኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ ፎልደር ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች አሉ። ጠቅላላው 3 ጊጋ አይሞላም፣ ግን ከ20 ጊጋው ቪዲዮ ይልቅ ቆየ። እያንዳንዷ ፋይል ለብቻዋ ትከፈታለች፣ ትመዘገባለች፣ ትዘጋለች። አሁን ዚፕ አድርጌ እንደ አንድ ፋይል እልካቸዋለሁ።

አንድ አስቂኝ ነገር ደግሞ። ዲስኩን በቀኝ በኩል መሰካት ስጀምር ባለገመዱን ማውስ በገመድ አልባ ቀይሬው ነበር። ኮፒ በጀመርኩ ቁጥር ማውሱ ይዘላል። ባትሪ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ምክንያቱ ዩኤስቢ 3 ራሱ ነው። በሥራ ላይ ሲሆን 2.4 ጊጋሄርዝ ላይ ጫጫታ ያሰማል፤ ማውሱም የሚያወራው እዚያው ላይ ነው። ቺፕ አምራቹ ኢንቴል ይህንን እ.ኤ.አ. በ2012 ጽፎታል። የማውሱን ትንሽዬ መቀበያ ወደ ግራው የ2.0 ፖርት አዛወርኳት። ያ ፖርት በመጨረሻ ልኩን ሥራ አገኘ።

ኬብሎቼን አሁን ለይቻለሁ። ለዳታ የሚሆኑት ላይ ቀይ ክር አስሬያለሁ። ቤት ውስጥ ግን ችግር አለ፤ ታናሽ እህቴ ስልኳን በቀይ ክሩ ነው ቻርጅ የምታደርገው። «ይሄኛው ይፈጥናል» ትላለች። አይፈጥንም። ነግሬያት ነግሬያት ተውኩት፣ ደብቄ ማስቀመጥ ጀመርኩ።

ጭፈራው በመጨረሻ ሄደ። መጋቢት ላይ ሌላ ተጓዥ ተገኘ፣ ሙሽራውም አዲስ ኤስኤስዲ ገዝቶ ላከልኝ። ሰውየው ወደ መናኸሪያ ሲሄድ ቤቴ በር ላይ በባጃጅ ቆመ። የቀረው 150 ጊጋ ነበር። አስቀድሜ ኮፒ አላደረግኩም፤ ልክ ነው፣ እልህ ነው። ሰካሁ። መጀመሪያ 950 ድረስ ወጣ። አርባ ጊጋ ገደማ ሲደርስ ኤስኤስዲው ዳታውን መጀመሪያ የሚቀበልበት ፈጣን ማረፊያ ሞላና ወደ 400 ወረደ፤ ይህንንም ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት፣ ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የመጀመሪያው ደቂቃ ፍጥነት ነው። ቢሆንም 6 ደቂቃ አልሞላም። በትክክል «ኢጀክት» ብዬ ነቀልኩት። የባጃጁ ሹፌር ሞተሩን እንኳን አላጠፋም ነበር።

ዲስኩን ሰጠሁ። ኬብሉን አስቀረሁ፤ አሜሪካ ኬብል አይጠፋም።