ዝም ያለ ሬዚደንት በድንገተኛ ክፍል

ከአገር ቤት ሠልጥኖ የመጣ ሐኪም አሜሪካ ውስጥ በትልቅ የማስተማሪያ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና ሬዚደንሲ (የስፔሻሊቲ ሥልጠና) ሲጀምር የሚያንገዳግደው የእውቀት ማነስ እምብዛም አይደለም። ሲቲ ስካን በሌለበት በእጁ መርምሮ፣ በጆሮው አዳምጦ መወሰን የለመደ ሰው ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ግምገማ ላይ ግን አንድ አስተያየት ይደጋገማል፦ ሥራውን ይሠራል፣ ምን እያሰበ እንደሆነ ግን አይናገርም። በአለቃ ፊት ቀድሞ ላለመናገር መጠንቀቅ እዚህ እንደ ጨዋነት አይቆጠርም፤ አለማወቅ ተብሎ ነው የሚመዘገበው። አቴንዲንጉ (ኃላፊው ስፔሻሊስት) በአንድ ጊዜ የብዙ ሬዚደንቶችን ታካሚዎች ስለሚከታተል፣ ያልተነገረውን የሚገምትበት ጊዜ የለውም።

ስለ መግቢያው ባጭሩ። የአሜሪካ የሐኪም ፈቃድ ፈተና ስቴፕ በሚባሉ ደረጃዎች የተከፈለ ነው። ስቴፕ 1 ከጥር 2022 ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ውጤቱ ማለፍ ወይም መውደቅ ብቻ ስለሆነ ክብደቱ ወደ ስቴፕ 2 ሲኬ ዞሯል። በዚህ ሙያ ግን ከነጥቡም በላይ የሚያስቸግረው ስሎኢ የሚባለው የምዘና ደብዳቤ ነው። ስሎኢ እንደ ተራ የድጋፍ ደብዳቤ ምስጋና የሚደረደርበት አይደለም፤ አመልካቹን ከሌሎች ጋር እያወዳደረ፣ ሬዚደንት ሲሆን ምን ያህል እገዛ ያስፈልገዋል እያለ በቅጽ የሚጠይቅ ነው። የሚጻፈውም የራሱ ሬዚደንሲ ባለው ድንገተኛ ክፍል፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ሳምንት ተመድበው ከሠሩ በኋላ ነው። እነዚህ ምደባዎች በአብዛኛው ላልተመረቁ ተማሪዎች ብቻ ክፍት ናቸው። ተማሪ የሆነ ሰው ሳይመረቅ ቢጠቀምበት ይሻለዋል፤ የተመረቀ ደግሞ ፕሮግራሞቹን አንድ በአንድ እየጻፈ መጠየቅ ይኖርበታል። የውስጥ ደዌ ኃላፊ የጻፈው ደብዳቤ የቱንም ያህል ቢያምር የስሎኢን ቦታ አይሞላም። ማመልከቻውም ከ2026 ማች (አመልካቾች በየዓመቱ ለሬዚደንሲ ቦታ የሚደለደሉበት ሥርዓት) ጀምሮ ኢራስ በሚባለው ድረ ገጽ መሆኑ ቀርቶ ረዚደንሲካስ በሚባለው ስለሆነ የቆየ ምክር ሲሰሙ ዓመቱን ይጠይቁ።

በ2023 ማች 554 የድንገተኛ ሕክምና ቦታዎች ሳይሞሉ ቀርተው ስለነበር "እዚያ መግባት ቀላል ነው" የሚል ወሬ እስካሁን ይናፈሳል። በሚቀጥለው ዓመት ቁጥሩ ወደ 135 ወርዷል። በዚያ ወሬ ተማምኖ ጥቂት ቦታ ብቻ ማመልከት አያዋጣም።

ቪዛ የሚያስፈልገው ሰው ከማመልከቱ በፊት ፕሮግራሙ የትኛውን እንደሚቀበል ይጣራ። ጄ-1 ለሚባለው የልውውጥ ቪዛ ኢሲኤፍኤምጂ (ውጭ አገር የተማሩ ሐኪሞችን የሚያረጋግጠው ድርጅት) ስፖንሰር ሲሆን፣ ከአገሩ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር አገሪቱ ያንን ሙያ እንደምትፈልግ የሚገልጽ ደብዳቤ ይጠየቃል። ደብዳቤው ጊዜ ስለሚወስድ ማች ከመድረሱ በፊት መንገዱን ማወቅ ይበጃል። ሥልጠናው ሲያልቅ ሁለት ዓመት አገር ቤት መቆየት ግዴታ ነው፣ ወይም ሐኪም በጎደለበት አካባቢ በመሥራት ከግዴታው ነፃ መሆን ይቻላል። ኮንራድ 30 የሚባለው መንገድ ለእያንዳንዱ ስቴት በዓመት 30 ቦታ ነው የሚሰጠው። ኤች-1ቢ የሚባለው የሥራ ቪዛ ደግሞ ስቴፕ 3 ማለፍን ይጠይቃል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። በውስጥ ደዌ ልማድ የታካሚ ታሪክ ከመነሻው ጀምሮ በቅደም ተከተል ይተረካል፤ የሚጠረጠረው በሽታ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ እንዲህ የሚያቀርብ ሬዚደንት ገና አለርጂው ላይ ሳይደርስ ይቋረጣል። የሚፈለገው ከሦስት ደቂቃ የማይበልጥ፣ ከሚገድለው የሚጀምር ንግግር ነው። ለምሳሌ፦ "የ58 ዓመት ወንድ፣ ከሁለት ሰዓት በፊት የጀመረ የደረት ሕመም። የልብ ምት 96፣ ግፊት 150 በ90፣ ኦክስጅን 97። ኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው) በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተነስቷል፣ በላዩ ያለው የኤስቲ መስመር ከፍ አላለም። የምፈራው የልብ ድካም ሳይሆን የልብ ደም ሥር መዘጋትን፣ የአኦርታ መሰንጠቅንና የሳንባ ደም መርጋትን ነው። ሕመሙ ወደ ጀርባ አይሄድም፣ የሁለቱ እጆች ግፊት እኩል ነው፣ ስለዚህ አኦርታውን ዝቅ አድርጌዋለሁ። ትሮፖኒን (የልብ ጡንቻ ጉዳት የደም ምርመራ) አሁንና ደግሜ እልካለሁ። ሁለቱም ንጹሕ ሆነው ኸርት ስኮሩ (የልብ አደጋ መለኪያ ነጥቡ) 3 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ወደ ቤት፣ 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አስተኝቼ ክትትል።" የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት ብዙ ጊዜ የምትዘለለው። ታካሚው ወዴት ይሄዳል? እዚህ ክፍል ውስጥ ምርመራው ባያልቅም ውሳኔው ማለቅ አለበት። ግምቱ ስህተት ቢሆን አቴንዲንጉ ያርመዋል፤ ካልተነገረ ግን የሚያርመው ነገር የለውም።

በድምፅ ማሰብ ዋጋው በደንብ የሚታየው የመተንፈሻ ቱቦ ሲገባ ነው። ቱቦውን በድምፅ አውታሮቹ መሃል ማሳለፍ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ሰው የሚሞተው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ነው። በመጀመሪያ የታካሚው ጆሮ ከደረት አጥንቱ የላይኛ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን ጭንቅላቱ ከፍ ይላል። ቢያንስ ሦስት ደቂቃ በማስክ ኦክስጅን ይሰጣል፤ በአፍንጫም በደቂቃ 15 ሊትር ተጨምሮ ላሪንጎስኮፑ (የጉሮሮ መመልከቻው) ሲገባም ሳይነሳ ይቀጥላል። ሳክሽኑ (ፈሳሽ መሳቢያው) በርቶ በቀኝ በኩል ይቀመጣል፣ ቡዢውም (ቱቦውን የሚመራው ቀጭን ዘንግ) ክፍት ሆኖ በእጅ ይዘጋጃል። ቱቦው ለሴት 7.5፣ ለወንድ 8 ሲሆን ከእያንዳንዱ አንድ ቁጥር ያነሰ መጠባበቂያ ከጎኑ ይሁን።

ጀማሪ የሚስተው እዚህ ላይ ነው፦ ግፊቱን። ሲስቶሊኩ (የላይኛው የደም ግፊት ቁጥር) ከ100 በታች የሆነ ታካሚ ማደንዘዣ ተሰጥቶት ከሳንባው ውጭ በሚመጣ ግፊት ሲተነፍስ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንስና ልቡ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ፈሳሽ ወይም ደም፣ ካስፈለገም ግፊት ከፍ የሚያደርገው ኖርኤፒነፍሪን ይቀድማል። የማደንዘዣው መጠን ይቀነሳል፤ የጡንቻ ማዛያው ግን አይቀነስም፣ ምክንያቱም የደም ዝውውር ሲደክም መድኃኒቱ ለመድረስ ይዘገያል። በተለመደው ሁኔታ ኬታሚን በኪሎ 1.5 ሚሊ ግራም ወይም ኢቶሚዴት 0.3፣ ከዚያ የጡንቻ ማዛያው ሮኩሮኒየም 1.2 ነው። ሮኩሮኒየሙ ለ80 ኪሎ ሰው ወደ 100 ሚሊ ግራም ይሆናል።

ከዚያ ጮክ ብሎ መናገር። "ኦክስጅኑ 93 ከደረሰ አቆማለሁ፣ በቦርሳ እንነፋለን። በቪዲዮ ካልታየኝ በቡዢ፣ ካልሆነ የጉሮሮ ማስክ፣ እሱም ካልሆነ አንገት እንቆርጣለን (ቱቦውን በአንገቱ ፊት በኩል ለማስገባት)፤ ቦታው ምልክት ተደርጎበታል።" ይህ ሲባል ነርሷ ምን እንደምታቀብል፣ የመተንፈሻ ባለሙያው መቼ ማስኩን እንደሚመልስ ያውቃሉ። ሳይባል ሲቀር ኦክስጅኑ 80 ሲደርስ ሁሉም ሞኒተሩን ያያል፣ ማንም አይናገርም፣ ሬዚደንቱም "አንድ ጊዜ ብቻ" እያለ ይቀጥላል። በአነጋገር ዘዬ የተነሳ 15 እና 50 ስለሚምታቱ መድኃኒት ሲታዘዝ ቁጥሩ በየአኃዙ ይነገራል፤ ነርሷም ደግማ ካላለችው እንዳልተሰማ ይቆጠራል።

ቱቦው ከገባ በኋላ ማረጋገጫው የካፕኖግራፊው (በሚወጣው ትንፋሽ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚለካው መሣሪያ) ሞገድ ነው። በደረት መነሳትና በስቴቶስኮፕ ብቻ መተማመን የጨጓራ ቱቦን የሳንባ ቱቦ ያስመስላል። ጥልቀቱ በጥርስ ላይ ለሴት 21፣ ለወንድ 23 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሁን፤ ከዚህ በእጅጉ ካለፈ ወደ ቀኝ ሳንባ ብቻ ይገባል። ቀጥሎ ደግሞ ብዙ ቦታ የሚረሳው አለ። የኬታሚን ማደንዘዣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ያህል ነው የሚቆየው፤ ሮኩሮኒየም በዚህ መጠን ሲሰጥ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ያዝላል። በመሃሉ ታካሚው ነቅቶ፣ ሁሉ እየተሰማው፣ ጣቱን እንኳ ማንቀሳቀስ ሳይችል ይተኛል። ከውጭ ሲያዩት ሰላማዊ ነው። ፍንጩ የልብ ምትና የግፊት ከፍ ማለት፣ አንዳንዴም እንባ ነው። የሕመም ማስታገሻና የማስተኛ ኢንፊውዥኑ (በደም ሥር ያለማቋረጥ የሚሰጠው) መታዘዝ ያለበት ላሪንጎስኮፑ ሳይነሳ ነው፤ ፋርማሲው እስኪያዘጋጅ ደቂቃዎች ያልፋሉና።

ሬዚደንሲዎችን የሚቆጣጠረው ኤሲጂኤምኢ ለምርቃት የሚጠይቃቸው ዝቅተኛ ቁጥሮች አሉ፦ 35 ኢንቱቤሽን፣ 20 ሴንትራል ላይን፣ 10 የደረት ቱቦ፣ 15 የወገብ ፈሳሽ ማውጣት፣ 15 ለፕሮሲጀር ማስተኛት፣ 10 ማዋለድ፣ 10 የወለቀ መገጣጠሚያ መመለስ፣ 45 በሕመም የመጣ አዋቂን ሕይወት የማዳን ሥራ (ሪሰሲቴሽን)፣ 35 የአዋቂ ትራውማ (በአደጋ የተጎዳ) ሪሰሲቴሽን። አንገት መቁረጥና የልብ ሽፋን ፈሳሽ ማውጣት ሦስት ሦስት ናቸው፤ እምብዛም ስለማያጋጥሙ በሲሙሌሽን ይሟላሉ። ትልቅ ሆስፒታል ማለት ብዙ ታካሚ ብቻ ሳይሆን ብዙ ሠልጣኝም ማለት ነው፤ የሰመመን፣ የቀዶ ሕክምና፣ የአይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ሬዚደንትና ፌሎው (ከሬዚደንሲ በኋላ የሚሠለጥን ሐኪም) ሁሉ ያንኑ ቱቦ ይፈልጋል። አፍ አውጥቶ "ይህን እኔ ልሥራው" ያላለ ለሌላው ያልፋል። የተሠራውን በዚያው ቀን መመዝገብ ይሻላል፤ ከስድስት ወር በኋላ ከቻርት ፍለጋ ማንም አያገኘውም።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ፈረቃው ከ12 ሰዓት አይበልጥም፤ በሳምንት ታካሚ ማየት ከ60፣ ትምህርቱም ተደምሮ ከ72 ሰዓት ማለፍ የለበትም፤ በሁለት ፈረቃ መካከል ቢያንስ የፈረቃውን ያህል ዕረፍት ይሰጣል። ወደ አይሲዩ ወይም ቀዶ ሕክምና ሲመደቡ ግን የ80 ሰዓቱ ሕግ ነው የሚሠራው። ቻርቱን (የታካሚውን መዝገብ) ፈረቃው ሲያልቅ መጻፍ የጀመረ ሰው በየቀኑ ሁለት ሰዓት ከዕንቅልፉ ላይ ይከፍላል። እያንዳንዱን ታካሚ አይተው ሲወጡ የውሳኔውን ክፍል ብቻ ወዲያው መጻፍ ይበቃል፤ ሌላው በኋላ ይሞላል።

ሌላ ክፍል ሲጠራ ጥያቄው ይቅደም፦ "አፔንዲሳይትስ ያለባት ታካሚ አለችኝ፣ ለቀዶ ሕክምና እንድታስተኟት ነው የደወልኩት።" ታሪኩ ከዚያ በኋላ። ታሪክ ከቀደመ በስልኩ ማዶ ያለው ተረኛ እምቢ የሚልበትን ምክንያት እየሰማ ይሰበስባል።

አልጋ ተፈቅዶላቸው ቦታ ጠፍቶ ድንገተኛ ክፍል የሚያድሩ ታካሚዎች ሌላው ወጥመድ ናቸው። ሁለተኛው የአንቲባዮቲክ መጠን፣ የቤት ኢንሱሊን፣ የፓርኪንሰን ክኒን የሚዘለለው እዚህ ነው፤ አስተኝ ክፍሉ ድንገተኛው ያዛል ብሎ፣ ድንገተኛው አስተኝ ክፍሉ ወስዶታል ብሎ ያስባል። ርክክብ ላይም "ሲቲ ብቻ ነው የቀረው" የተባለ ታካሚ ሲቲው ንጹሕ ሲሆን ወደ ቤት የሚሸኝበት አጋጣሚ አለ፣ ሕመሙ ግን አልተገለጸም። አይ-ፓስ በሚባለው የርክክብ ሥርዓት ተረካቢው የሰማውን መልሶ ይናገራል፤ "ሲቲው ንጹሕ ከሆነስ?" የሚለውም መልስ ተሰጥቶት ነው የሚፈራረሙት። ከዚያ በኋላም አልጋው አጠገብ ሄዶ ራስ መመርመር።

በሳምንት አምስት ሰዓት ያህል ትምህርት አለ፣ የካቲት ላይ ደግሞ ዓመታዊው የውስጥ ፈተና። በዓመት ሁለቴ የብቃት ኮሚቴው እያንዳንዱን ሬዚደንት ይገመግማል። "ሐሳቡን አይገልጽም" የሚል ከመጣ፣ አንድ አቴንዲንግ በሙሉ ፈረቃ አጠገብ ቆሞ እንዲያይና በጽሑፍ እንዲገመግም መጠየቅ ይቻላል፤ ይህ ጥያቄ ራሱ በጥሩ ይመዘገባል። በጄ-1 የመጡ ሰዎች ከሬዚደንሲ ውጭ ተጨማሪ ፈረቃ ለገንዘብ መሥራት አይፈቀድላቸውም፣ ስፖንሰርሺፑም በየዓመቱ ስለሚታደስ የፕሮግራሙ ኮንትራት እንደወጣ ወረቀቱን ማስገባት ነው።