አምስት ሜትር እንጨት በዋይኪኪ ማዕበል ላይ

ሲያትል ውስጥ የቤት ዕቃ የምሠራ አናጢ ነኝ፤ ወደ ሃዋይ የወሰደኝም እንጨት ነው። ርዝመቱ አምስት ሜትር የሚደርስ፣ ከአንድ ግንድ የተጠረበ፣ ሞተርም ሸራም ሳይኖረው ሰው ጀርባው ላይ አቁሞ ከማዕበል ጋር የሚጓዝ ሳንቃ። የደሴቶቹ ተወላጆች ኦሎ ይሉታል። በጥንቱ ሥርዓት ኦሎ የአለቆችና የነገሥታት ነበር፤ ሕዝቡ የሚጋልበው አላያ በሚባለው አጠር ባለና ስስ ሳንቃ ሲሆን ከሁሉም የሚያንሰው ደግሞ ፓይፖ ይባላል። ዛሬ ሰርፊንግ ሲባል ዓለም የሚያውቀው ከፎምና ከፋይበር ግላስ የሚሠራውን ቀላል ሰሌዳ ነው። እኔን ሲያስደንቀኝ የኖረው ግን ያ ከባዱ ነው። ብረት ያልነበረው ባለሙያ፣ በድንጋይ ስለት ብቻ፣ ውኃ ላይ እንዲህ የሚንሸራተት ነገር እንዴት አወጣ?

መጀመሪያ የሄድኩት ሆኖሉሉ ወደሚገኘው ቢሾፕ ሙዚየም ነው። ሙዚየሙን በ1889 ያቋቋሙት ቻርልስ ሪድ ቢሾፕ የተባሉ የባንክ ባለቤት ናቸው፤ ለሟች ባለቤታቸው ለልዕልት በርኒስ ፓዋሂ መታሰቢያ እንዲሆን ብለው ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የልዕልቲቱ አባት አብነር ፓኪ ታላቅ አለቃ ነበሩ፤ በቁመትና በግዝፈትም ስማቸው የሚነሳ ሰው ናቸው። ለልጅ መታሰቢያ የተሠራው ቤት የአባትየውን የማዕበል ሳንቃዎች ይዞ መገኘቱ ደስ አሰኘኝ። አዳራሹ ራሱ የአናጢ ቀልብ ይስባል። ውጪው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ውስጡ፣ ደረጃውም የመስታወት ሳጥኖቹም፣ በኮአ የተሠሩ ናቸው። ኮአ የደሴቶቹ ግራር ነው። ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ ብርሃን ሲያርፍበት የእንጨቱ መስመር የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ለኮአው ብቻ ብዬ ብሄድ እንኳን አይቆጨኝም ነበር።

ከፓኪ ሳንቃዎች አንደኛው ወደ አምስት ሜትር ይረዝማል፣ ክብደቱም 70 ኪሎ ገደማ ነው። አጎንብሼ ከጫፉ በኩል ተመለከትኩት። ሁለቱም ፊቱ ያበጠ ነው፤ መሐሉ ወፍራም ሆኖ ወደ ጠርዙ እየሳሳ ይሄዳል፤ በአግድም ቢቆረጥ ምስር ይመስላል። ከሥሩ እንደ ዘመኑ ሰሌዳ አቅጣጫ የሚጠብቅ ክንፍ የለውም። ስፋቱ ከርዝመቱ ጋር ሲተያይ ጠባብ ነው። የሚጎረብጥ ቦታ፣ የመጥረቢያ ጠባሳ ፈለግኩ፤ አላገኘሁም። መላጊያና የብርጭቆ ወረቀት ይዤ እኔ ይህን ያህል ርዝመት ላይ እንዲህ ያለ ወጥ ጉብታ ለማውጣት ስንት ቀን እንደሚፈጅብኝ ሳስብ፣ ያንን የሠሩትን እጆች ማክበር ብቻ ነው የቀረኝ።

አሠራሩን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፎች መዝግበውታል። ባለሙያው ዛፉን ከመረጠ በኋላ ወዲያው አይቆርጥም። ኩሙ የሚባል ቀይ ዓሣ ከግንዱ ሥር ያስቀምጣል፣ ከዚያ ይቆርጣል፤ ዛፉ ሲወድቅ ከሥሩ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ጸሎት አድርሶ፣ ዓሣውን ይቀብረዋል። ይህ ለተወሰደው ዛፍ የሚከፈል ነው። ግንዱ በድንጋይ መጥረቢያ ተጠርቦ ቅርጹን ሲይዝ ወደ ባሕር ዳርቻ ይወርድና በጀልባ መጠለያ ውስጥ ይጠናቀቃል። የመጥረቢያው ጠባሳ በሸካራ ኮራልና በድንጋይ እየታሸ ይጠፋል። ከዚያ ከኪ ተክል ሥር፣ ከኩኩይ ዛፍ ቅርፊት ወይም ከተቃጠለ የኩኩይ ፍሬ ጥላሸት በሚወጣ ቀለም ይጠቁራል፤ በመጨረሻም በኩኩይ ዘይት ይወለወላል። ከባሕር ሲመለስም ሥራው አያልቅም፤ ሳንቃው ይደርቃል፣ የኮኮናት ዘይት ይቀባል፣ ካፓ በሚባል ከዛፍ ልጥ በተሠራ ጨርቅ ተጠቅልሎ ቤት ውስጥ ይሰቀላል። ስንት የቤት ዕቃ ከሠራሁለት ሰው ቤት ተመልሼ ደርቆና ተሰነጣጥቆ አይቻለሁ! እንጨት ከተሠራ በኋላም እንክብካቤ እንደሚፈልግ እነዚህ ሰዎች አውቀው በሥርዓት አስረውታል።

ለኦሎ የሚመረጠው እንጨት ዊሊዊሊ ነው፤ ከደሴቶቹ አገር በቀል እንጨቶች ሁሉ ቀላሉ። የመረብ ተንሳፋፊና የጀልባ የጎን ደጋፊም ይሠሩበት ነበር። ዛፉን በቁሙ ለማየት ከከተማው በስተምሥራቅ ወዳለው የኮኮ ክሬተር የዕፅዋት ስፍራ ሄድኩ። ስፍራው በጠፋ እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተተከለ ነው፤ ሞቃትና ደረቅ ስለሆነ የበረሃ ተክል ይስማማዋል፤ የአፍሪካ ዕፅዋት ያሉበት ክፍልም አለው። የዊሊዊሊውን ጥሻ ሳይ ከመንገዱ ቆምኩ። እሾሃማ ግንድ፣ ባለ ሦስት ቅጠል ቅርንጫፍ፣ ቅጠሉን ካራገፈ በኋላ የሚፈነዳ አበባ። ይህ የእኛ ኮርች ዘመድ ነው! በደጋው አገራችን አጥር ሆኖ የሚበቅለው፣ ቀይ አበባው ከሩቅ የሚታየው ኮርች ከዊሊዊሊ ጋር አንድ ወገን ነው፤ ሳይንሱ ሁለቱንም ኤሪትሪና ይላቸዋል። የሃዋዩ አበባ ግን ከቀይ ብርቱካናማ እስከ ቢጫና አረንጓዴ የሚያደላ ነጭ ይለያያል። ስንቶቻችን ኮርች ሥር ተቀምጠን አድገናል፤ ከወገኑ የንጉሥ ሳንቃ እንደሚወጣ ግን ማን ነገረን?

ዝምድናው በመልካምም በመጥፎም መጥቷል። በ2005 ሆኖሉሉ ባለችበት ደሴት በኦዋሁ ላይ አንዲት በጣም ትንሽ ተርብ ተገኘች። በኤሪትሪና ቅጠልና ለጋ ቅርንጫፍ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ቅጠሉ ያብጣል፣ ይጣመማል፣ ዛፉ ይደርቃል። በጥቂት ጊዜ በሁሉም ደሴቶች ተዛመተች፤ ብዙ ዊሊዊሊም ሞተ። ተመራማሪዎች የተርቧ መነሻ አፍሪካ መሆኑን ስለጠረጠሩ ጠላቷንም እዚያው ፈለጉ፤ ታንዛኒያ ውስጥ እጮቿን የሚበላ ሌላ ተርብ አገኙ። በ2008 ከብዙ ምርመራ በኋላ ሃዋይ ውስጥ ተለቀቀና የዛፎቹ ቅጠል መመለስ ጀመረ። ዛሬ የቆሙትን ዛፎች ሳይ ለዚያች የምሥራቅ አፍሪካ ነፍሳት ልባዊ ምስጋና ተሰማኝ። ሆኖም አምስት ሜትር ቀጥ ያለ፣ ለኦሎ የሚበቃ ግንድ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም፤ ቢገኝም መቁረጡ ትልቅ ጥያቄ ነው። አበባውን ማየት የሚፈልግ በበጋው መጨረሻ፣ ከነሐሴ ጀምሮ ይሂድ። ያ ወቅት በደቡቡ ዳርቻ ማዕበሉም የሚመጣበት ነው።

በደሴቲቱ ሌላኛው ወገን፣ ዋይማናሎ፣ አንድ አዛውንት ሳንቃ ሠሪ ግቢያቸውን ከፈቱልኝ። አናጢ መሆኔን ሲሰሙ ወንበር አላቀረቡልኝም፤ በቀጥታ መጋዙ ወዳለበት ወሰዱኝ። በሁለት ድጋፍ ላይ የተጋደመው ግንድ አልቢዝያ ነው። አልቢዝያ ከሌላ አገር የመጣ፣ በ1917 ደሴቶቹ ላይ የተተከለ፣ በፍጥነት አድጎ አገር በቀሉን ደን የሚያጨናንቅ ዛፍ ነው። በ2014 አይዜል የተባለው አውሎ ነፋስ ከደሴቶቹ ትልቁን፣ ቢግ አይላንድን ሲመታ ብዙ አልቢዝያ ወድቆ መንገድና የኤሌክትሪክ መስመር ዘግቷል። ቀላል እንጨት ስለሆነ ግን ለሳንቃ ይሆናል። አዛውንቱ ዊሊዊሊን ከመቁረጥ ይልቅ ይህን ወራሪ ወደ ኦሎ መለወጥ ይመርጣሉ፤ እኔም ፍርዳቸው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

መሐል ላይ በክር የተዘረጋ የከሰል መስመር አለ። ሁሉም ነገር የሚለካው ከዚያ መስመር ነው፤ በግራ አንድ ጣት ከተነሳ በቀኝም አንድ ጣት ይነሳል። ሻካራው ሥራ በመጋዝና በመላጊያ ነው፤ ማጠናቀቁን ግን በድንጋይ ስለት መጥረቢያ ያደርጉታል። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«መላጊያው ቶሎ ይሄዳል፤ ሲሳሳትም ቶሎ ይሳሳታል፤» አሉ። ከዚያ መዳፌን ይዘው ጠርዙ ላይ አሳረፉት። «ሰው ርዝመቱን ያያል፣ ልጄ። ሥራው ግን እዚህ ነው።»

ገባኝ። ክንፍ የሌለው ሳንቃ በማዕበሉ ፊት ጎን ለጎን ሲሄድ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ጠርዙ ብቻ ነው። ጠርዙ ከደነደነ ውኃው ይከመርበታል፤ ከሳሳ ደግሞ ውኃ ውስጥ ነክሶ ሳንቃውን ይገለብጠዋል። ጉብታው ከመሐል ወደ ጠርዝ ሳይሰበር መውረድ አለበት። ልኬቱ የተጻፈበት ወረቀት የለም። አዛውንቱ ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳፋቸው ከጫፍ ጫፍ ይዳስሳሉ፣ ቆም ብለው በጥፍራቸው ምልክት ያደርጋሉ፣ እዚያችው ላይ ጥቂት ያነሳሉ፤ እንደገና ይዳስሳሉ።

ኦሎ ለምን ይህን ያህል እንደሚረዝም ሳስረዳ እንደ አናጢ ላስረዳ። በውኃ ላይ የሚሄድ ነገር ውኃውን እየገፋ የራሱን ሞገድ ይሠራል። አጭር ከሆነ ያ ሞገድ ቶሎ ይገታዋል፤ ረጅም ሲሆን ግን በክንድ ቀዘፋ ብቻ የበለጠ ፍጥነት ላይ ይደርሳል። ማዕበል ደግሞ ከዳርቻው ርቆ ሳለ ዝቅ ያለና ፈጣን ነው፤ ጥልቀቱ ሲቀንስ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ቁመቱ ይጨምራል፣ በመጨረሻም ይሰበራል። አጭር ሰሌዳ ማዕበሉ እስኪዘገይና ቀጥ ብሎ እስኪነሳ መጠበቅ ግድ ይለዋል። ኦሎ ገና ጉብታ ብቻ ሆኖ የሚመጣውን ከሩቅ ይይዘዋል፤ ከያዘው በኋላም ክብደቱ ስለሚገፋው ማዕበሉ በሚደክምበት ቦታ ሳይቆም ያልፋል። የሆኖሉሉ ደቡባዊ ዳርቻ የሆነው የዋይኪኪ ባሕር ለዚህ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ከዳርቻው ወደ ውጭ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሪፍ፣ ማለትም ከውኃ ሥር ያለ የኮራል አለት፣ ተዘርግቷል፤ በበጋ ከደቡባዊው ንፍቀ ክበብ አውሎ ነፋሶች ተነስቶ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የተጓዘ ማዕበል እየረጋ ይገባበታል። ዱክ ካሃናሞኩ፣ በ1912 ስቶክሆልም ላይ በ100 ሜትር ዋና የኦሊምፒክ ወርቅ ያመጡት የዋይኪኪ ልጅ፣ በ1917 ካሌሁዋዌሄ ከሚባለው የሩቅ ማዕበል ተነስተው ከ1.6 ኪሎ ሜትር በላይ እንደጋለቡ ይነገራል።

ይህ ጥበብ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ከውጭ በመጣ በሽታ ሕዝቡ አለቀ፤ የአለቆቹ ሥርዓት በ1819 ፈረሰ፤ በማግስቱ ዓመት የደረሱት ሚስዮናውያንም ጨዋታውን በበጎ አላዩትም። ክሩ ግን አልተበጠሰም። በ1885 ካሊፎርኒያ ይማሩ የነበሩ ሦስት የሃዋይ መሳፍንት ከአካባቢው ሬድውድ እንጨት ሳንቃ አስጠርበው ሳንታ ክሩዝ ላይ ማዕበል ጋለቡ። በ1920ዎቹ ደግሞ ቶም ብሌክ የተባለ አሜሪካዊ የፓኪን ሳንቃዎች ሙዚየሙ ውስጥ ጠገናቸው፣ ለካቸውም። ራሱ ሊሠራ ሲነሳ ክብደቱ አስቸገረው፤ በ1926 ወፍራም የሬድውድ ሳንቃ በመቶዎች በሚቆጠሩ ቀዳዳዎች በስቶ፣ አድርቆ፣ በስስ እንጨት ሸፈነው። ባዶ ሆድ ያለው ሳንቃ ተወለደ፤ በ1932 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ በ1935ም ከሰሌዳ ሥር የመጀመሪያውን ክንፍ ገጠመ። በፓኪ ሳንቃ ላይ ያጎነበሰ አንድ ጠንቃቃ ሰው የዘመኑን ሰርፊንግ ግማሽ መንገድ ወሰደው።

አንድ ማለዳ የአዛውንቱ ልጅ ያለቀለትን ኦሎ በመኪና ጣሪያ አስሮ ዋይኪኪ አመጣው። ለሁለት ተሸክመን አሸዋውን አቋረጥን፤ ትከሻዬ ክብደቱን እስከ ማታ አልረሳም። ውኃው ላይ ሲቀመጥ ግን ክብደት የሚባል ነገር ቀረ። ዋና የተማርኩት ላንጋኖ ነው፤ ውኃ አልፈራም፤ በደረቴ ተኝቼ ቀዘፍኩ። አንድ ቀዘፋ፣ ከዚያ ረጅም ጉዞ። ልጁ በራሱ ሳንቃ ከጎኔ ሆኖ ሌሎቹን ሁሉ አሳልፎ ወደ ውጭ ወሰደኝ። ማንም ያልተቀመጠበት ቦታ ደርሰን ዞርን።

«አሁን ቅዘፍ፤» አለኝ። ወደ ኋላ አየሁ፤ ከትንሽ ጉብታ በቀር የሚታይ ማዕበል የለም። ቀዘፍኩ። ሳንቃው ከኋላው በቀስታ ተነሳ፣ አፍንጫው ወደ ፊት አዘነበለ፣ ከዚያ ክንዴ የማይሠራው ፍጥነት መጣ። የሚሰበር ውኃ የለም፣ አረፋ የለም፤ ከጠርዙ ሥር የሚወጣ ቀጭን ድምፅ ብቻ። በጉልበቴ ተነሳሁ። ቅድም ያለፍናቸው ሰዎች በሁለቱም ጎን ወደ ኋላ ቀሩ፤ ማዕበሉ እነሱ ዘንድ ገና እየተነሳ ነበር። ሪፉ ጠልቆ ማዕበሉ የሚሞትበት ቦታ ደረስን፣ ሳንቃው ግን አልቆመም፤ ቀጣዩ ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ ማዕበሉ እንደገና ሲነሳ አብረን ተነሳን። ለመታጠፍ እግሬን ውኃ ውስጥ አወረድኩ፤ ሳንቃው የሚታጠፈው በዝግታና በሰፊው ነው፤ ለዚህም ነው ጋላቢው ከፊቱ ያለውን ውኃ ከሩቅ ማንበብ ያለበት። ደስታው ከጠበቅኩት በላይ ነበር፤ ጮኬያለሁ፣ በአማርኛ።

ሲያትል ተመልሼ ፖሎኒያ የሚባል ቀላል እንጨት አዝዣለሁ። አውስትራሊያ ኑሳ የሚኖረው ሠሪ ቶም ዌግነር የድሮዎቹን ሳንቃዎች መልሶ ያስለመደው በዚሁ እንጨት ነው። የዋሽንግተን ዳርቻ፣ ዌስትፖርት፣ ማዕበሉ አሸዋ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ የሚሰበር፣ ውኃውም ቀዝቃዛ ነው፤ አምስት ሜትር እዚያ አይሆንም። ስለዚህ የምጀምረው ከአላያ ነው። የከሰሉን መስመር አስምሬያለሁ፤ ጠርዙን በመዳፌ እለካለሁ።