ከኦልድ ኤርፖርት እስከ አቡሴራ

የምኖረው ኦልድ ኤርፖርት ነው። ኤርፖርት ግን የለም። ድሮ አውሮፕላን የሚያርፈው ልደታ ነበር፤ በ1950ዎቹ ወደ ቦሌ ሄደ። ለሰፈራችን ስሙ ቀረለት። ያኔ ቦሌ ሜዳ ነበር። ከተማው ተከትሎት ሄደና ዛሬ መንደርደሪያውን ከቦ ይዞታል።

በጥር 2018 ዓ.ም. መጨረሻ ቢሾፍቱ የሄድኩት ይህን እያሰብኩ ነው። ከቃሊቲ ሚኒባስ ያዝኩ። አቃቂ፣ ገላን፣ ዱከም። መንገዱ ዳር ፋብሪካና መጋዘን ተደርድሯል። አንዱ ከተማ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር መለየት አስቸገረኝ።

አዲሱ ኤርፖርት የሚሠራው ቢሾፍቱ አጠገብ፣ አቡሴራ ነው። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የመሠረት ድንጋዩ በዚያው ወር መጀመሪያ ተቀምጧል። ወጪው 12.5 ቢሊዮን ዶላር ነው ተብሏል። አራት መንደርደሪያ ይኖረዋል፤ ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል። ቦሌ የሚችለው 25 ሚሊዮን ገደማ ነው። ዙሪያው ቤት ስለሆነ መስፋፊያ የለውም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነም አየሩ ስስ ነው፤ ሩቅ የሚሄድ አውሮፕላን ጭነት ቀንሶ ይነሳል። ቢሾፍቱ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ለምን እንደተፈለገ ይገባኛል።

ከባጃጅ ወርጄ በእግሬ ገባሁ። መረሬው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ጣቴን ብከተው እስከ መዳፌ ገባ። አንድ ሽማግሌ አውድማ ላይ ጤፍ ያበራያሉ።

«አባባ፣ የእርስዎ መሬት ነው?»

«የኔ ለጊዜው ቀርታለች፣ ልጄ። የወንድሜ ሄዳለች።»

ከክምሩ እፍኝ ዘግነው እብቁን እፍ አሉና መዳፌ ላይ አፈሰሱልኝ። ነጭ ነው። ከጣቶቼ መሃል ሾልኮ ወረደ።

«ወንድምዎ ምን ይላሉ?»

«ጠዋት ጠዋት እዚህ ይመጣል። ጨብጦ ያየዋል፤ ይሄዳል።»

የአድአ ጤፍ ነው። አዲስ አበባ ወፍጮ ቤት ገብቶ የአድአ ነው ከተባለ ዋጋው ሌላ ነው። ቁንጮ የሚባለው ዝርያ የወጣውም እዚሁ ደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከኤርፖርቱ አጥር ውስጥ ካለው መሬት ይልቅ ከአጥሩ ውጭ ያለው ነው። ቦሌን ሜዳ ያሳጣው መንደርደሪያው ብቻ አይደለም፤ ተከትሎት የመጣው ሆቴልና ሪል እስቴት ነው። አቡሴራም ላይ ደላላው ከዶዘሩ ቀድሞ ይደርሳል። ለእርሻ የሚቀረው መሬት ዛሬውኑ፣ ዋጋው ሳይሰቀል፣ ተለክቶ በፕላን ይከበር። ካሳውም የሚታረስ መሬት ይጨምር። እነዚህ ሰዎች እጃቸው የሚያውቀው ጤፍ ነው።

ሽማግሌው አንድ ኪሎ የሚሆን በፌስታል ቋጠሩልኝ። ገንዘብ እምቢ አሉ። ማታ ለእማዬ ሰጠኋት። ፌስታሉን ፈታችና ጥቂቱን መዳፏ ላይ አድርጋ ወደ መብራቱ አስጠጋችው።

«የአድአ ነው» አለች። የት እንደዋልኩ ገና አልነገርኳትም ነበር።