ሪሞት ሄሊኮፕተር ማብረር እንዴት ለመድኩ?
ሪሞት ሄሊኮፕተር የያዘ ጀማሪ ሁሉ የሚመኘው ሽው እያደረገ ማብረር ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ከባዱ ግን አየር ላይ አንድ ቦታ ማቆሙ ነው። ለስላሳ ሳህን ላይ ብይ እንደማቆም በሉት።

የጀመርኩት በኮምፒውተር ሲሙሌተር (በረራን አስመስሎ በሚያለማምድ ፕሮግራም) ነው፣ የራሴን ሪሞት አገናኝቼ። እዚያ ቢከሰከስ አንድ ቁልፍ ተጭኖ መቀጠል ነው። እውነተኛው ሲወድቅ ግን ክንፍ መቀየር፣ የተጣመመ ዘንግ ማውጣት፣ ብዙ ጣጣ አለው።

መጀመሪያ የገዛሁት ሁለት ሮተር (የሚሽከረከር የክንፍ ስብስብ) ያለውን ትንሹን ነው። ሮተሮቹ ከላይና ከታች ሆነው በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሽከረከሩ አንዱ የሌላውን የመጠምዘዝ ኃይል ያጠፋል። ቤት ውስጥ ግሩም ነው። ደጅ ትንሽ ነፋስ ካገኘው አለቀለት።

ከዚያ ከላይ አንድ ሮተር፣ ጅራቱ ላይ ደግሞ ትንሽ ሮተር ወዳለው አለፍኩ። ሪሞቱ በተለመደው ሞድ 2 ነው የተስተካከለው። የግራው ማንሻ ከፍታውንና የጅራቱን መዞር ይቆጣጠራል፤ የቀኙ ደግሞ ወደ አራቱም አቅጣጫ ያዘነብለዋል። እግሩ ሥር ጫፋቸው ላይ ኳስ ያላቸው ቀጫጭን ዘንጎች በመስቀል ቅርጽ አሰርኩለት፤ አዘንብሎ ቢያርፍም ቶሎ አይገለበጥም። ቦታዬ ሁልጊዜ ከኋላው ነው፣ ጅራቱ ወደ እኔ። እንዲህ ሲሆን የሱ ቀኝ የኔም ቀኝ ነው።

እጄ ለመልመድ የዘገየው አንድ ነገር ነበር። ሄሊኮፕተሩ ወደ ግራ ሲንሸራተት ማንሻውን ወደ ቀኝ ነካ ታደርጋላችሁ። ቆመ። ግን እዚያው ከተዋችሁት አሁን ወደ ቀኝ ይሄዳል። ስለዚህ ወዲያው በተቃራኒው ትንሽ መንካት ያስፈልጋል። ነካ፣ መልስ። ነካ፣ መልስ። ጣት የሚንቀሳቀሰው በጣም በጥቂቱ ነው።

ጀማሪ ስለሚፈራ ዝቅ ብሎ መቆየት ይወዳል። መሬት አጠገብ ግን ሮተሩ የሚገፋው አየር ከመሬት ጋር ተላትሞ ያንገጫግጨዋል። ከሮተሩ ስፋት በላይ ከፍ ሲል ይረጋጋል። ደግሞ ሲያንዣብብ በትንሹ ወደ ጎን ቢያዘነብል አትደንግጡ፤ የጅራቱ ሮተር ወደ ጎን ስለሚገፋው እንዲያ ካልሆነ ቦታው ላይ አይቆምም።

ፊቱን ወደ እኔ ሲያዞር ግን ቀኝና ግራ ይገለበጣል። እንደ አዲስ መማር ነው! የረዳኝ ዘዴ ይህ ነው፦ ወደየትኛውም ጎን ሲወድቅ ማንሻውን ወደዚያው ጎን መግፋት፣ ከሥሩ ደግፎ እንደማንሳት።

ባትሪው ላይ ቀልድ የለም። ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ሲሞላ በሴል፣ ማለትም ባትሪው ውስጥ ባለው በእያንዳንዱ ክፍል፣ 4.2 ቮልት ነው፤ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይበላሻል። ስለዚህ ሪሞቱ ላይ ሰዓት ሞልቼ፣ ሲጮህ አወርዳለሁ። ሳልጠቀም የማስቀምጠው በ3.8 አካባቢ ነው። ሲሞላ ጥዬው አልሄድም፤ ያበጠውን ደግሞ ጭራሽ ቻርጅ አላደርግም። ባትሪ ከመሰካቴ በፊትም ሪሞቱ ላይ ያለው ሞተሩን የሚያግደው ማብሪያ ማጥፊያ ማገጃው ላይ መሆኑን አያለሁ። የሚሽከረከር ክንፍ ጣት ይቆርጣል።

አሁን ስምንት ቁጥር መሥራት እየተለማመድኩ ነው። ወደ ግራ መዞሩ ይቀናኛል። የቀኙ ገና ነው።