«አልተፈታልኝም» ያለኝ ሰውዬ

ባለፈው ሳምንት አንድ ደብዳቤ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሜ ላክሁ። ከጅቡቲ ስለዘገየ ኮንቴይነር ነው። ድሬዳዋ ተቀምጦ የሚተረጉም ሰው ከጅቡቲና ከኮንቴይነር የት ያመልጣል? ከተማዋ ራሷ በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ከጅቡቲ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። የተቀበለው ሰውዬ መልስ በማግስቱ መጣ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮበት፣ ከጎኑ «ይህን ዓረፍተ ነገር ፓርስ ማድረግ አልቻልኩም» ይላል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም።

ተናደድኩ። «እንግሊዝኛህ አይረባም» ያለኝ መሰለኝ። ሙቀቱም አለ፣ ቬንትሌተሩም ያንን ሙቀት መልሶ ከማዞር ውጪ ጥቅም የለውም፣ ስለዚህ ኮምፒውተሬን ዘግቼ ከዚራ ሰፈር ወጣሁና ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ይዞ የተቀመጠውን ጓደኛዬን አገኘሁት። ፕሮግራመር ነው። ነገሩን ስነግረው ሳቀ። «አቦ ፈታ በል! እኔን ኮምፒውተሩ በቀን ሃያ ጊዜ እንዲህ ይለኛል። አንድ ቅንፍ መዝጋት ስትረሳ ይቆማል። ሐሳብህን አልጠላም፣ የቱ ከየቱ ጋር እንደሚሄድ ጠፋበት እንጂ።»

ይህቺ ገባችኝ። ቤት ስገባ «ፓርስ» (parse) የሚለውን ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈለግሁት። ለካ አሮጌ ቃል ነው፤ ኮምፒውተር ሳይታሰብ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር ተማሪ ዓረፍተ ነገር እየበተነ «ይህ ስም ነው፣ ይህ ግሥ ነው» የሚልበትን ሥራ ነበር እንዲህ የሚሉት። ሥሩ ላቲን ነው። ፓርስ ማለት ክፍል። «የንግግር ክፍሎች» ብለን ሰዋስው ክፍል የተማርናት ማለት ነው። አሜሪካኖቹ «ፓርስ» ይሉታል፣ እንግሊዞቹ ደግሞ «ፓዝ»። እኔ አንዴ ቪዲዮ ላይ ሰምቼው path፣ መንገድ ያለ መስሎኝ አልፌዋለሁ።

ለእኛ ተመሳሳዩ ቃል የቱ ነው ብዬ ሳስብ ከ«ፈታ» የተሻለ አላገኘሁም። ሕልም ይፈታል፣ ቅኔ ይፈታል፣ እስረኛ ይፈታል፣ ትዳርም ይፈታል። ዓረፍተ ነገርም ቢፈታ አይገርምም፤ ምክንያቱም የእኛ ሰዋስው ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋውን ግሥ ማሰሪያ አንቀጽ ነው የሚለው። ማሰሪያ! ቃላቱን ሁሉ ጠቅልሎ መጨረሻ ላይ የሚቋጥረው እሱ ነው። አማርኛ አንባቢ ይህን ከልጅነቱ ስለለመደው ሠላሳ ቃል ተሸክሞ ማሰሪያው እስኪመጣ ይጠብቃል፣ አይደክመውም። እንግሊዝኛ አንባቢ ግን ባለቤቱን እንዳየ ግሡን ይፈልጋል። እኔ ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱን መጀመሪያ ላይ አስቀምጬ፣ የአማርኛውን ሐረግ ሁሉ እንደ ዕቃ መሃል ላይ ጭኜ፣ ግሡን ከሩቅ አመጣሁት። ሰውዬው ግሡ ጋ ሳይደርስ ደከመው።

ስለዚህ በቢሮ እንግሊዝኛ «ፓርስ ማድረግ አልቻልኩም» ስድብ አይደለም። እንዲያውም ጨዋ ቃል ነው። «አልገባኝም» ቢል ሐሳቡ ይሁን ቋንቋው አይታወቅም፤ ይህ ግን ጣቱን ቋጠሮው ላይ ያሳርፋል። የሐኪም የእጅ ጽሑፍ አልነበብ ሲልህ ግን ይህ ቃል አይሆንም። እዚያ ችግሩ ፊደሉ ነው።

ቃሉ ሌላ ጠባይም አለው። ፖለቲከኛ ሲናገር አንዷን ቃል እየነጠሉ መበርበርንም እንዲሁ ይሉታል። የያኔው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን በ1998 እ.ኤ.አ. የምስክርነት ቃሉን ሲሰጥ መልሱ «ነው» በሚለው ቃል ትርጉም ላይ ይወሰናል ያለው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። «ነው» ላይ ሙግት! ይህኛው ግን ከመፍታት ይልቅ ማምለጫ መፈለግ ይመስለኛል፣ አልወደውም።

በነገራችን ላይ እኛ ሳናውቀው ቀኑን ሙሉ ስንፈታ ነው የምንውለው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ገና ነው» ብዬ ብጽፍልህ በዓሉ ነው ወይስ ጊዜው አልደረሰም? «ዋና» ስልህ መዋኘት ነው ወይስ ዋነኛው? ዓይንህ ወደ ፊት ሮጦ ጎረቤት ቃሉን አይቶ ይመለሳል። ድሬ ላይ ደግሞ ሌላ ይጨመርበታል። የባጃጅ ሾፌሩ «ዋርያ፣ ኮቱ እንሂድ!» ይልሃል፤ አንዱ ሶማልኛ፣ አንዱ ኦሮምኛ፣ አንዱ አማርኛ። ማንም አይበትነውም፣ ገብቶ ይቀመጣል።

ማታ ደብዳቤውን እንደገና ከፈትሁ። የአማርኛው ዋናው ክፍል እንዲህ ይላል፦ «ትራንዚተሩ ለባለዕቃው በጻፈው ደብዳቤ በተገለጸው መሠረት በመዘግየቱ ምክንያት የተከፈለውን ኪራይ እንዲመልስ።» አርባ ጊዜ አንብቤዋለሁ። አሁን ግን እንደዚያ ዘመን ተማሪ በእርሳስ እየከፋፈልሁ ባለቤቱን ስፈልግ ላቤ መጣ። የዘገየው ማን ነው? ኮንቴይነሩ ወይስ ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያስለቅቀው ትራንዚተሩ? «በመዘግየቱ» ለሁለቱም ይሆናል። ኪራዩን የሚመልሰውስ? ትራንዚተሩም ሊሆን ይችላል፣ ባለዕቃውም። እኔ እንግሊዝኛውን ስጽፍ ይህን ሳልወስን በረጅም ሐረግ ሸፍኜ ነው ያለፍሁት። ሰውዬው ያቆመው ልክ እዚያ ቦታ ላይ ነው።

ደብዳቤውን ላጻፈው ነጋዴ ደወልሁ። «ጋሼ፣ ይህን ኪራይ የሚመልሰው ማነው?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «ወላሂ እኔም አላውቅም» አለኝ። «እኔ ተናድጄ ተናገርኩ፣ ጸሐፊው ነው ያሳመረው። ቆይ ልጠይቀውና ልደውልልህ።»

እስካሁን አልደወለም።