ሳህኑን ያስጣለችኝ ሴት

ዛሬ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ አለኝ። ሳህን እያጠብኩ የሙዚቃ ደራሲውን የሾፓንን ሶናታ ከፈትኩ፤ ለቼሎ (ትልቅ ቫዮሊን የሚመስል መሣሪያ) እና ለፒያኖ የተጻፈ ሙዚቃ ነው። እሱ ሲያልቅ ዩቲዩብ በራሱ ሌላ የቼሎና የፒያኖ ሶናታ አስከተለ፦ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊት የሙዚቃ ደራሲ ሉዊዝ ፋረንክ፣ ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 46። ስሟን ሰምቼ አላውቅም። ቧንቧውን ዘጋሁት።

ፒያኖው አጃቢ ብቻ አይደለም። ከቼሎው ጋር እንደ ድሮ ጓደኛሞች ያወራል። (ሴትየዋ ራሷ ፒያኒስት ነበረች፤ ለፒያኖው ብታደላ አይገርምም።)

እ.ኤ.አ. ከ1842 ጀምሮ ለ30 ዓመት ገደማ በፓሪስ ኮንሰርቫቶር (የሙዚቃ ትምህርት ቤት) ፒያኖ አስተምራለች። ደሞዟ ግን ከወንዶቹ ያንስ ነበር። በ1850 ለዘጠኝ መሣሪያዎች የጻፈችው ሥራ ሲደነቅላት እኩል ይከፈለኝ አለች። ተከፈላት። ጀግና!

ቀስ የሚለውን መካከለኛውን ክፍል ሦስቴ ደገምኩት። ሳህኖቹ እስካሁን እዚያው ናቸው።